ወጣቱን መምህር የሚያቆየው ዋስ ነውን?

ከተማሪዎች መካከል በውጤቱ ብልጫ ያገኘው በረዳትነት ተቀጥሮ በዩኒቨርሲቲው እንዲቀር ይደረጋል። ቆይቶም ለከፍተኛ ትምህርት ሲላክ፣ ተመልሶ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ውል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። ይህ አሠራር የመንግሥትን ገንዘብ ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን አንክድም። መምህርን ለማቆየት ይበቃል የሚለውን ዐሳብ ግን ልንቀበለው አልቻልንም። ውል ሰውን ከቢሮው ያስቀምጠው ይሆናል፤ እንዲመራመር ግን አያደርገውም።

ሌሎች ደግሞ «ደመወዙ ይጨመር እንጂ ሁሉም ይቀራል» ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የቤት ኪራይ የሚያሳስበው መምህር ማታ ማታ በሌላ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ለምርምር የሚተርፈው ሰዓት የለም። ይሁን እንጂ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ደመወዝም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ የሚያቆየው ምንድን ነው? የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ተከፈተ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር፣ ተማሪዎች ስለየአገራቸው ልማድ ያጠኑትን በራሱ መጽሔት ያሳትም ነበር። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ቤተ መጻሕፍትና የጥናት መጽሔትም አገኘ። ታደሰ ታምራት በ1968 በለንደን የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሲያስተምሩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በ1972 ታተመ። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚያስፈልገው ብራናም፣ ጽሑፉን አንብቦ የሚተች ባልንጀራም እዚሁ ይገኝ ነበር።

ይህ ሲፈርስ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ ጉዳቱ በእነርሱ ብቻ አልቀረም። በእነርሱ እጅ ሊያድጉ የሚገባቸው ወጣቶች መካሪ አጡ፤ ዐሳብን መግለጥ ሥራን ሊያሳጣ እንደሚችልም ተረዱ።

ስለዚህ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው። አዲሱ መምህር ከሁሉ የበዛው የማስተማር ሸክም በመጀመሪያው ዓመት አይጫንበት። የመጀመሪያ ጽሑፉን የሚያርምለት አንድ አንጋፋ መምህር ይመደብለት። ጽሑፉ የሚታተምበት ስፍራ ይኑር፤ በጻፈውም አይፍራ።

ከእኛም አንዳንዶቻችን ነገ ይኸው ውል ይቀርብልናል። በዚያን ቀን «ዋስህ ማን ነው?» ከመባላችን በፊት «ልትመረምር የምትሻው ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ ለመቅረት የሚያስገድደን አያስፈልገንም ነበር።