ጽሕፈት የሌለው ወረቀት፦ በቶማስ ዴማንድ ክፍሎች ውስጥ

ክፍሉ ተበርብሯል። መሳቢያዎች ተስበው ቀርተዋል፤ ጠረጴዛውም ወለሉም በወረቀት ተሸፍኗል። ተመልካች መጀመሪያ የሚሰማው፣ በርባሪዎቹ ገና አሁን መውጣታቸው ነው። ቀረብ ብሎ ከወደቁት ወረቀቶች አንዱን ለማንበብ ሲሞክር ግን ዓይኑ የሚይዘው ያጣል። ፊደል የለም፤ ቁጥር የለም፤ ማህተም የለም። ሁሉም ባዶ ነው።

ይህ ጀርመናዊው ቶማስ ዴማንድ በ1995 የሠራው «ቢሮ» የተሰኘ ፎቶግራፍ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው አንድ የዜና ፎቶ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የበርሊን ሰዎች የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የሆነውን የሽታዚን ዋና መሥሪያ ቤት ጥሰው ገቡ፤ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ ስለ ትዳር ጓደኛቸው ለዓመታት የተጻፈው ሁሉ የተከማቸው እንዲህ ባሉ ክፍሎች ነበር። ዴማንድ ያንን ክፍል በወረቀትና በካርቶን፣ በእውነተኛ መጠኑ፣ እንደገና ሠራው፤ ፎቶ አነሳው፤ ከዚያ አፈረሰው።

አሠራሩ በብዙ ሥራዎቹ ያው ነው። ዴማንድ በ1964 ሙኒክ ተወልዶ ዱሰልዶርፍ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። በአካዳሚው በርንድ ቤኸር ፎቶግራፍ ያስተምር ነበር፤ አንድሪያስ ጉርስኪ፣ ቶማስ ሽትሩትና ቶማስ ሩፍ የእሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ዴማንድ ግን ወደ ካሜራው የመጣው በሌላ በር ነው። ከወረቀት የሚሠራቸው ዕቃዎች ስለማይቆዩ ለማስታወሻ ያነሳቸው ነበር። በ1993 ነገሩን ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃውን የሚሠራው ለፎቶው ሲል ብቻ ሆነ። የመጨረሻው ኅትመት ብዙ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው፤ ያለ ፍሬም፣ በጠራ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰው በውስጡ የለም።

ስለ ዴማንድ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የማታለል ጉዳይ ነው፤ እውነት መስሎ ሐሰት የሆነ ክፍል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማታለል ቢፈልግ ኖሮ የመቀሱን ጠርዝ፣ የካርቶኑን መጋጠሚያ ይደብቅ ነበር፤ እሱ ግን ጥቂቱን ሆን ብሎ ይተዋል። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ለምን ወረቀት የሚለው ነው። ወረቀት ርካሽና ለመቁረጥ የሚቀል መሆኑ መልስ አይሆንም። ወረቀት የመንግሥት ዋና መሣሪያ ነው። ሰው የሚሾመው፣ የሚሻረው፣ የሚከሰሰው፣ ድንበር የሚሻገረው፣ የሚቀበረውም በወረቀት ነው። ዴማንድ የሥልጣንን ክፍሎች ከራሱ ከሥልጣን መሣሪያ ይሠራቸዋል፤ ሲሠራቸው ደግሞ ጽሑፉን ይነጥቃቸዋል። በ«ቢሮ» ውስጥ ወንበሩ ወንበር የመሰለ ወረቀት ነው፤ ወለሉ ላይ የተበተነው ወረቀት ግን ምንንም አልመሰለም፤ ራሱ ወረቀት ነው። የክፍሉ ብቸኛ እውነተኛ ዕቃ እሱ ነው፤ ዝም ያለውም እሱ ነው።

በ2001 የሠራው «ፖል» ይህንን ይበልጥ ያጠብቀዋል። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የፍሎሪዳ ውጤት በመጨረሻ የተለየው በ537 ድምፅ ነበር። ቆጣሪዎች የድምፅ ካርዱን ወደ ብርሃን እያነሱ ቀዳዳው ተበስቷል፣ አልተበሳም እያሉ ሲከራከሩ ዓለም በቴሌቪዥን ተከታትሏል። በፎቶግራፉ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ስልኮችና በጥቅል በጥቅል የተደረደሩ የድምፅ ካርዶች አሉ። አንዱን ስልክ ለብቻው እንየው። እጀታው በቦታው ነው፤ የመደወያ ቁልፎቹ ላይ ግን ቁጥር የለም። ወደ ማንም አይደወልበትም። ጎኑ ያለው የካርድ ጥቅል ጠርዝ ለጠርዝ እኩል ሆኖ ተስተካክሏል፤ ማንም ያልነካው፣ ማንም ያልመረጠበት። ቀዳዳ አለ የለም ተብሎ የተጣሉበት ካርድ እዚህ ላይ ፍጹም ንጹሕ ነው፤ ያ ንጽሕና ደግሞ ረዘም አድርጎ ያየውን ሰው ማስጨነቅ ይጀምራል። የሕዝብ ፈቃድ የሚባለው ትልቅ ነገር በአንዲት ቅንጣት ወረቀት መውደቅና አለመውደቅ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር፣ ከዚያ ክርክር ዘገባዎች ይልቅ ይህ ዝምተኛ ጥቅል ያሳየኛል።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ቀድሞ ይመጣለታል፤ ካርቶኑ ሰሙ፣ ታሪኩ ወርቁ። ንባቡ ግን እዚህ አይሠራም። በቅኔ ወርቁ የሚገኘው እዚያው ሰሙን በሠሩት ቃላት ውስጥ ነው፤ ቃሉን የፈታ ሰው ከሌላ ቦታ ምንም ማምጣት አያስፈልገውም። የዴማንድን ፎቶግራፍ ግን የቱንም ያህል ቢመረምሩት ሽታዚ የሚል ነገር አይወጣውም። ፍቺው ያለው ከፎቶው ውጭ፣ በጋዜጣውና በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነው።

ድክመቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ2004 የሠራው «ኩሽና» ሳዳም ሁሴን በዲሴምበር 2003 ቲክሪት አጠገብ ከመያዙ በፊት የተደበቀበትን ቤት ማብሰያ ያሳያል፦ ድስት፣ ሳህን፣ የተዝረከረከ መደርደሪያ። የማን መሆኑን ያልሰማ ሰው የወንደላጤ ኩሽና አድርጎ ያልፈዋል፤ የሰማው ደግሞ ድስቱን ማየት ትቶ ሳዳምን ያስባል። በሁለቱም መንገድ ዕቃው ይጠፋል። በ1987 ጄኔቫ ውስጥ ቦ ሪቫዥ በተባለው ሆቴል ሞቶ የተገኘውን የፖለቲካ ሰው ኡቨ ባርሸልን ገንዳ የሚያሳየው የ1997ቱ «መታጠቢያ ቤት» ግን ከዚህ ያመልጣል፤ የተጨማደደችው የወለል ምንጣፍ ማንም ሳይነግረን አንድ ነገር እንደተከሰተ ትናገራለችና። ዴማንድ ራሱ የመግለጫውን ችግር ሳያውቀው አልቀረም። በ2009 በርሊን በሚገኘው ኖየ ናሲዮናልጋለሪ ሥራዎቹን ሲያሳይ ከፎቶዎቹ አጠገብ የቆሙት የተለመዱ ማብራሪያዎች ሳይሆኑ ደራሲው ቦቶ ሽትራውስ የጻፋቸው ጽሑፎች ነበሩ። ተመልካቹ መረጃ ሲጠብቅ ሌላ ጽሑፍ አገኘ።

ከሁሉም በላይ ልቤ የሚያርፈው ግን በዩራኒየም ዱቄት መጠሪያ «የሎኬክ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ላይ ነው። በ2001 መባቻ ሮም የሚገኘው የኒጀር ኤምባሲ ተሰበረ፤ ጠፉ ከተባሉት መካከል አርማ ያለበት የደብዳቤ ወረቀትና ማህተም ነበሩ። በኋላ ኒጀር ለኢራቅ ዩራኒየም ልትሸጥ ተስማምታለች የሚሉ ደብዳቤዎች ብቅ አሉ። ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኢራቅ ከአፍሪካ ዩራኒየም ፈልጋለች የሚለውን ክስ የእንግሊዝን መንግሥት ጠቅሰው ለምክር ቤታቸው ተናገሩ። ማርች 7 ቀን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ ሞሐመድ ኤልባራዳይ ሰነዶቹ እውነተኛ እንዳልሆኑ ለጸጥታው ምክር ቤት አስታወቁ። በዚያው ወር ጦርነቱ ተጀመረ።

ዴማንድ ይህንን ክፍል እንደ ሌሎቹ ከዜና ፎቶ ሊቀዳው አልቻለም፤ የኤምባሲው ውስጥ ፎቶ አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ሮም ሄዶ በዓይኑ አየው፤ ያየውንም ይዞ ተመልሶ ከትዝታው ሠራው። ሥራው በ2007 ቬኒስ ላይ በጆርጆ ቺኒ ፋውንዴሽን ታየ። በሌሎቹ ሥራዎች ተመልካቹ ቀድሞ ያየውን ምስል ያስታውሳል፤ እዚህ ግን የሚያስታውሰው የለም። ያለው ዴማንድ የመሰከረው ብቻ ነው። ኤምባሲ ስንል የምናስበው ግርማ እዚህ የለም፤ ኮሪደርና ቢሮ ነው፤ ጠረጴዛ፣ የተበተነ ወረቀት። ባለጉዳይ ሆኖ ማህተም ያረፈባት አንዲት ደብዳቤ ለማግኘት በር ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ይህን ቢሮ ያውቀዋል፤ የወረቀቱ ክብር ከክፍሉ ድህነት ጋር እንደማይመጣጠንም ያውቃል። ለዓለም ኃያላን ለክስ የበቃው ያ ክብር ነው። የኒጀር ቃል ሳይሆን የኒጀር አርማ ተፈለገ። ዴማንድ ደግሞ ያንኑ ወረቀት አርማውን አንስቶ፣ ማህተሙን አንስቶ ይመልሰዋል። ስለ ኢራቅ ጦርነት ከተሠሩት የሥነ ጥበብ ሥራዎች አብዛኞቹ ፍርስራሽና ደም ሲያሳዩ፣ ይህ ሥራ ጣቱን የሚቀስረው አንድ ሰው ባዶ ወረቀት ወደ ታይፕ ማሽን ወደሚያስገባበት ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ፎቶ አልተነሳም፤ ሊነሳም አይችልም ነበር። የተሰናዳ ፎቶግራፍ ከዜና ፎቶ የሚልቅበት ቦታ ካለ እዚህ ነው።

ወደ «ቢሮ» ልመለስ። ሽታዚዎች ሥልጣናቸው ሲያበቃ የቻሉትን ያህል ሰነድ ቀደው ጥለዋል፤ ማሽናቸው አልችል ሲል በእጃቸው ቀደዱ። ወደ 16,000 ከረጢት የሚሆን ቅዳጅ ተርፎ ተገኘ። በ1995፣ ኑረምበርግ አጠገብ በምትገኘው በትንሿ ጺርንዶርፍ ከተማ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ከረጢቶቹን እየፈቱ ቅዳጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያመሳሰሉ በግልጽ ፕላስተር ያጣብቁ ጀመር። ዴማንድም በዚያው ዓመት ስቱዲዮው ውስጥ ያንኑ ክፍል በባዶ ወረቀት ይሞላው ነበር፤ አንድ በአንድ እየቆረጠ።