ስለ ሁለቱ የፈተና ስሕተቶች፤ የፊሸር መጽሐፍ ከመርካቶ ገበያ አንጻር ሲመዘን

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የታወቀ የሻይ ፈተና ይገኛል። አንዲት ወይዘሮ ከወተቱና ከሻዩ የትኛው አስቀድሞ እንደ ተቀዳ ቀምሳ እንደምትለይ ትናገራለች፤ ስምንት ሲኒ ቀርቦላትም አራቱን ከአራቱ እንድትለይ ይደረጋል። በግምት ብቻ ሁሉንም ለማግኘት ያላት ዕድል ከ70 አንድ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ግምተኛን ዐዋቂ ብሎ ከመቀበል መጠበቁ ነው። ሙከራው በሰፋ መጠን ረቂቅ ልዩነትን እንደሚያሳይ፣ «ልዩነት የለም» የሚለው መላ ምት አለመፍረሱም መረጋገጡ እንዳልሆነ ያስረዳል። ጉድለቱ ግን ዐዋቂን ግምተኛ ብሎ የመጣልን ስሕተት በቍጥር አለመመዘኑ ነው። ሁለቱን ስሕተቶች አንደኛ ዐይነትና ሁለተኛ ዐይነት ብለው ያነጻጸሩት ፖላንዳዊው ኔይማንና እንግሊዛዊው ኢጎን ፒርሰን በ1933 ናቸው፤ ፊሸር ግን በ1955 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አካሄድ ነቅፎታል።

የነቀፌታውን ድካም በመርካቶ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ የቡና ነጋዴ የሐረርን ቡና ከይርጋ ጨፌ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በቅምሻ የሚለይ ነው እንበል። የእያንዳንዱ ሲኒ ዐይነት በዕጣ ተወስኖ ስምንት ሲኒ ይቅረብለት። ስምንቱንም ካላገኘ አይታመንም ከተባለ፣ ግምተኛ የሚያልፈው ከ256 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዐዋቂው ነጋዴ ግን ከመቶ 57 ጊዜ ይወድቃል። አንድ ስሕተት ቢፈቀድለት የእርሱ መውደቅ ከመቶ ወደ 19 ይወርዳል፤ የግምተኛው ማለፍም ከመቶ ወደ 3.5 ከፍ ይላል። ሲኒው ካልተጨመረ አንዱን ስሕተት መቀነስ ሌላውን ማብዛት ነው።

ነገሩ ከቅምሻ ያልፋል። በበርበሬ በረንዳ ባዕድ ነገር ተቀላቅሏል ተብሎ ናሙና ቢመረመር፣ በአንደኛው ስሕተት ንጹሑ ነጋዴ ስሙንና ደምበኛውን ያጣል፤ በሁለተኛው የተበላሸው በርበሬ ወደ ድኻው ማጀት ይገባል። የትኛው ጉዳት እንደሚከፋ ቀመር ብቻውን አይወስንም፤ መመዘን ያለበት ከምርመራው በፊት ነው።

የሕዝብን ልማድ የሚያጠናም ከዚህ አያመልጥም። ጥቂት ሸማቾችን ጠይቆ ለደምበኛና ለእንግዳ የሚጠራው ዋጋ አይለያይም ብሎ የሚደመድም፣ ልዩነት አለማግኘቱን ከልዩነት አለመኖር ጋር ያምታታል። እንዲህ ያለ ጥናት ውጤቱን ሲያቀርብ፣ ልዩነቱ ቢኖር ኖሮ በጠየቃቸው ሰዎች ብዛት ሊያገኘው ይችል እንደ ነበረ አብሮ ማስረዳት ይገባዋል።