የቤትን ሙቀት በየምድቡ ስለ ማስተካከል
በአንድ የትርጉም መግለጫ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ለዚህ ሒስ መነሻ የሆነው ጽሑፍ መጽሐፍ አይደለም፤ ከአንድ የቤት አየር ማስተካከያ መሣሪያ ጋር ተጠቅልላ የመጣች ስድስት ገጽ ያላት የአማርኛ መግለጫ ናት። መግለጫዋን ያገኘኋት በቆቦ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት መሣሪያውን ካስተከሉ ወራት አልፈው ነበር። ይሁን እንጂ የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ክፍል እንደሚታዘዝ ከመግለጫዋ ሊረዱ ስላልቻሉ፣ «እርስዎ የቃል ሰው አይደሉም እንዴ? እስቲ ይፍቱልኝ» ብለው ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ እኔም አልፈታኋትም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሥነ ጽሑፍ ገበታ ላይ ስለማይቀርብ ሐያሲ አያገኝም። ይሁን እንጂ ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ የሰውን ገንዘብና ጤና የሚነካ ስለ ሆነ፣ ቃላቱ ሊመረመሩ ይገባል።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። በተለመደው አሠራር፣ አንድ መሣሪያ መላውን ቤት ሲያሞቅ ወይም ሲያበርድ፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በአንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ መቆጣጠሪያ ነው። ከዚህም የተነሣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ክፍል ሲግል፣ ጥላ ያለበት የምሥራቅ ክፍል ከልክ በላይ ይበርዳል፤ ሰው የሌለበትም ክፍል በከንቱ ኀይል ይበላል። አሁን የምንነጋገርበት ሥርዐት ግን ቤቱን ይከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ክፍፍል የራሱ መቆጣጠሪያ ይደረግለታል። አየሩ በሚያልፍባቸው መስመሮች ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች ይገባሉ፤ ወይም በደጅ ካለ አንድ መሣሪያ ለየክፍሉ የተለያዩ የግድግዳ መሣሪያዎች ይዘረጋሉ። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንጩ አንድ፣ ድርሻው ብዙ፣ ውሳኔው በየቦታው።

መግለጫዋን ከመንቀፌ በፊት ላመስግናት። አየሩ የሚሄድበትን መስመር «የአየር ቦይ» ብላዋለች። ይህ የተዋጣለት ምርጫ ነው። በራያ ቆላ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ፣ ለየማሳው ማከፋፈል የቆየ ሙያ ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆም ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ የሚለማ መሬት አለ። ቦይ ምን እንደሆነ፣ ቅርንጫፍ ቦይ ሲከፈትና ሲደፈን ምን እንደሚከተል ለዚህ አገር አንባቢ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ተርጓሚው በዚሁ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ይህ ሒስ ባልተጻፈም ነበር።

ዋናው ስሕተት ግን በርእሱ ላይ ተቀምጧል፤ «የዞን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥርዐት» ይላል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው አስተዳደር ቆቦ የሰሜን ወሎ ዞን ከተማ ናት። ለቆቦ ሰው «ዞን» ማለት ወልድያ ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፍለት፣ አቤት የሚባልበት፣ ውሳኔ የሚጠበቅበት። «የዞን ማሞቂያ» ብሎ የሚያነብ ሰው የማሞቂያው ባለቤት ዞኑ ነው ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም «ዞን 2ን ዝጋ» የሚለውን ሲያነቡ እንደ ሳቁ ነግረውኛል። ሳቁ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ቃሉ ባዕድ በመሆኑ አልከበደም፤ ይልቁንም ከሚገባው በላይ ስለ ለመደና ሌላ ባለቤት ስላገኘ ነው።

ተርጓሚው «ዞን»ን ቢተው ምን ይወስዳል? «ክልል» በሥሩ ከሁሉም የሚስማማ ነበር። «ከለለ» ማለት ጋረደ፣ ለየ፣ ድንበር አበጀ ማለት ስለሆነ፣ የተከለለ ሙቀት የተባለውን ሐሳብ ፈጽሞ ይገልጸዋል። ግን ይህም ቃል ከዚያው ዘመን ጀምሮ በመንግሥት አወቃቀር ተይዟል። «ቀጠና»ም እንዲሁ በአንድ በኩል በከተማ አስተዳደር፣ በሌላ በኩል በዓለም ፖለቲካ ዜና ውስጥ ተሠማርቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት «ክፍለ ሀገር» እና «አውራጃ»፣ ራያና ቆቦም አውራጃ ሆኖ የተጠራባቸው ስሞች፣ ከአስተዳደሩ ጋር አልፈዋል። ቋንቋችን ቦታን የሚከፋፍሉ ቃላት አላነሱትም፤ ነገር ግን አስተዳደሩ በየዘመኑ እየመጣ ይወስዳቸዋል። የስያሜ ሠራተኛ ይህን ሳይመዝን ቃል ማደል አይገባውም።

«ክፍል» የሚለውስ? ይህ ቀላልና የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሁለት መኝታ ቤቶች በአንድ መቆጣጠሪያ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ አንድ ሰፊ አዳራሽም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ከግድግዳ ጋር ሳይሆን ከትእዛዝ ጋር መታሰር አለበት። በበኩሌ «ምድብ» የሚለውን አቀርባለሁ። ምድብ በተፈጥሮ የተለየ ሳይሆን ሰው ወስኖ የመደበው ነው። ምሳሌውም በቋንቋችን አለ፤ «ምድብ ችሎት» ስንል አንድ ፍርድ ቤት በየቦታው የሚያስችለውን፣ የራሱ ዳኛ ያለውን፣ ሥልጣኑ ግን ከአንድ ምንጭ የሚመነጨውን ችሎት ማለታችን ነው። የቤቱም ነገር ይኸው ነው። «በየምድቡ የሚሠራ የቤት ሙቀት ማስተካከያ» ቢባል ቃሉ ይረዝማል፤ ሆኖም አያሳስትም።

ሁለተኛው ነቀፌታ በ«ማቀዝቀዣ» ላይ ነው። ይህ ቃል በሕዝብ ዘንድ ለምግብና ለመጠጥ ሣጥን ተሰጥቷል። ይህን የመሰለ መደራረብ የሚያስከትለውን አይቻለሁ። በአንድ የቆላ ወረዳ፣ ስሙን በማልጠቅሰው የጤና ተቋም፣ «ለመድኃኒት ክፍል ማቀዝቀዣ» ተብሎ በተጻፈ ጥያቄ መሠረት የመጣው ፍሪጅ ነበር። ተቋሙ ፍሪጅ ነበረው፤ የፈለገው የክፍሉን አየር የሚያበርድ መሣሪያ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ በመደርደሪያ የሚቀመጠው አብዛኛው መድኃኒት ግን የሚፈልገው ክፍሉ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቃል አልበቃም፤ እንክብሎቹም በቆርቆሮው ጣራ ሥር ከረሙ።

በአማርኛ «ቀዘቀዘ» እና «በረደ» አንድ አይደሉም። ገበያ ቀዘቀዘ ሲባል ጉድለት ነው፤ ቁጣ በረደ ሲባል እፎይታ ነው። የመጀመሪያው ሙቀትን ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ትርፉን ማራገፍ። የቆላ ሰው ፀሐይ በረድ ሲል መንገድ ይጀምራል እንጂ ፀሐይ እስክትቀዘቅዝ አይጠብቅም። እርግጥ «በረደኝ» ቅሬታ ነው፤ «በረደልኝ» ግን ምስጋና ነው፤ አንዲት «ል» ሁለቱን ትለያለች። የቤት መሣሪያው ተግባር ይህችው «ል» ናት። ስለዚህ «ማቀዝቀዣ» ለሣጥኑ ይተውና ለቤቱ «አየር ማብረጃ» ይባል። ቃሉ የትኩሳት መድኃኒትን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞው እውነት አለው፤ ግን «አየር» የሚለው ቃል ከፊቱ ሲቆም ጥርጣሬው ይነሣል። በከተማ የተለመደው «ኤሲ»ም በመዝገበ ቃላት ሊገባ ይገባዋል። ሕዝብ የተቀበለውን ቃል መዝገበ ቃላት አያባርርም፤ ይተረጕመዋል።

ሦስተኛው፣ መግለጫዋ ቴርሞስታትን «የሙቀት መለኪያ» ማለቷ ነው። መለኪያ ያሳውቃል እንጂ አያዝዝም። ቴርሞስታት ግን ሙቀቱን ካወቀ በኋላ ከተወሰነለት ልክ ጋር አመዛዝኖ መሣሪያውን ያስነሣል፣ ያቆማል። ባለቤቱ ለወራት ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር እያነበቡ ሳይነኩት የኖሩት መለኪያ ነው ስለተባሉ ነው። «ሙቀት መጣኝ» ቢባል፣ «መጠነ» ልክ መስጠትን ስለሚጨምር፣ ሥራውን ይገልጽ ነበር።

በመጨረሻም ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር እጨምራለሁ። መግለጫዋ አራት ገጽ ስለ ማሞቅ፣ አንድ ገጽ ስለ ማብረድ ትናገራለች። የተጻፈችው ክረምቱ በረዶ ለሆነ አገር ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በተለመደው አከፋፈል ቆላና ወይና ደጋ የሚዋሰኑበት ከፍታ መሆኑ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያሉ አገርን በሙቀት መመደብ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቤትንም እንዲሁ መድቦ ኖሯል፤ በደጋ ከብቱን ከቤት ጋጥ አስገብቶ በትንፋሹ ይሞቃል፤ በቆላ ማድ ቤቱን ለይቶ ይሠራል፣ ዳስ ይጥላል፣ በወበቅ ጊዜ አልጋውን ደጅ ያወጣል። ተርጓሚ ቃል ብቻ ሳይሆን አንባቢውን ማወቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ለባለቤቱ መሣሪያውን ያስረዳኋቸው በመግለጫዋ ቃላት አልነበረም። ዋናውን ቦይ፣ ቅርንጫፍ ቦዮቹን፣ መክፈቻና መዝጊያውን፣ ለየማሳው ተራ የሚሰጠውን የውሃ አባት ጠቀስኩላቸው። «እንግዲያው ይህ ግድግዳው ላይ ያለው የውሃ አባቱ ነዋ!» አሉና የምሥራቁን ምድብ ዘጉ። የውሃ አባትን ስያሜ አድርጌ አላቀርብም፤ ሕያው ማዕርግ ነውና ለመሣሪያ አይሰጥም። ነገር ግን ወደፊት እንዲህ ያሉ መግለጫዎች ከመታተማቸው በፊት፣ መሣሪያው በሚተከልበት ቦታ ለሚኖር አንድ ሰው ተነብበው እንዲፈተኑ አሳስባለሁ። የሳቀበት ቃል ይለወጥ፤ ያልነካው ቁልፍ እንደገና ይሰየም።