ከጂንካ እስከ «ከሜዳ ውጪ»

የደቡብ ኦሞዋ ጂንካ መሃል ከተማዋ ላይ ሳር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። አውሮፕላን ይመጣ የነበረው አልፎ አልፎ ነው፤ ኳስ ግን በየቀኑ ነበር። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ ከብት ሜዳ ከገባ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም።

ጂንካ ከተማ የሚባለው የከተማዋ ክለብ እስከ ከፍተኛ ሊግ ድረስ ተጫውቷል፤ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ማለት ነው። እኔ ከጎሉ በላይ የማደንቀው መንገዱን ነው። ደቡብ ኦሞ ላለ ቡድን ከሜዳው ውጪ መጫወት ቀላል ቃል አይደለም። በኮንሶ አድርጎ አርባ ምንጭ ለመድረስ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከ700 ያልፋል። ያን ሁሉ መንገድ ጉልበትን አጥፎ ተቀምጦ፣ ወርዶ 90 ደቂቃ መሮጥ! ያውም ብዙ ጊዜ ካሜራ ለማይቀርጸው ጨዋታ። ዋንጫ ስለሚያነሱት ብዙ ተጽፏል፣ ይበቃቸዋል።

ከፍተኛ ሊጉ ባይኖር የጂንካ ልጅ የከተማውን ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ሌላ ከተማ የሚገባበት ምን አጋጣሚ ያገኝ ነበር? ቅዳሜ ለገበያ ጂንካ የገባችሁ፣ ጨዋታ ካለ ሳታዩ አትመለሱ።