አንድ ነጥብ ስንት ሰው ነው?

በየክፍላችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ካርታ ስለ መሬት እንጂ ስለ ሰው ብዙ አይነግረንም። ካዛክስታን በስፋት ባንግላዴሽን 18 ጊዜ ታጥፋለች፤ በሕዝብ ብዛት ግን ባንግላዴሽ ከካዛክስታን 8 እጥፍ ትበልጣለች። ይህንን ሁለተኛውን እውነት ለዓይን ለማሳየት ባለሙያዎች ልዩ ልዩ ዘዴ ፈጥረዋል። በዚህ እትማችን አራቱን መርጠን፣ ለክፍላችን ምን ያህል እንደሚጠቅሙ እንገመግማለን። ሁሉንም የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄ ነው። አንዱ ምልክት ስንት ሰው ነው? ሰውየውን የት አስቀመጠው? ማንንስ ሳያሳይ ቀረ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቀለም የተቀባው

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው የበዛበት ጠቆር፣ ያነሰበት ፈካ ተደርጎ የሚቀባው ካርታ ነው። ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ካለ ማንም ይሠራዋል። ችግሩ ዓይናችን ቀለሙን ትቶ ስፋቱን ማየቱ ነው። የኬንያን እንውሰድ። በ2019 ቆጠራ ናይሮቢ ውስጥ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቆጥሯል፤ ስፋቷ ግን 700 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቱርካና ከ68 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆና የተቆጠረባት ሰው 927 ሺህ ያህል ነው። በካርታው ላይ ታዲያ ቱርካና ሰሜን ምዕራቡን ስትሞላ ናይሮቢ የእርሳስ ጫፍ ታክላለች።

ሌላም ጉድለት አለው። ካውንቲው በሙሉ አንድ ቀለም ሲቀባ ሰው እኩል የተበተነበት ይመስላል። ካኩማን ያየ ሰው ይህ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በካምፑ ቤት ከቤት ተያይዟል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ግን ሜዳ ነው።

የሚያብጠውና የሚኮማተረው

ሁለተኛው ካርቶግራም ይባላል። አገሩ የሚሳለው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በሕዝቡ ልክ ነው። ማይክል ጋስትነርና ማርክ ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ለዚህ የሚሆን የኮምፒዩተር ስሌት አወጡ። በ2006 ደግሞ ኒውማን ከዳኒ ዶርሊንግና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር «ወርልድማፐር» በሚል ስም ብዙ እንዲህ ያሉ ካርታዎችን ለሕዝብ አቀረቡ። ስሌቱ የቀለም ጠብታ ውሃ ውስጥ እንደሚሰራጨው ነው፤ ሕዝቡ ከተጨናነቀበት ወደ ሳሳበት እየተገፋ ድንበሩንም አብሮ ይገፋል፤ ጥግግቱ በየቦታው እኩል ሲሆን ይቆማል።

ውጤቱ ያስደንቃል። ሕንድና ቻይና ከሰው ልጅ ሲሦ በላይ ስለሆኑ ካርታውን ይሞሉታል፤ ካናዳና ሩሲያ እንደ ክር ይቀጥናሉ። ነገር ግን ገና የአገሩን ቅርጽ በቅጡ ያልለመደ ተማሪ እዚህ ላይ ይጠፋበታል። ደግሞም ካርታው ኢትዮጵያ ከኬንያ እንደምትበልጥ ያሳያል እንጂ በስንት እንደምትበልጥ አይናገርም። አይቶ ለመገረም ጥሩ ነው፤ ለመቁጠር አይሆንም።

የሚቆጠረው

ይህንን ጉድለት የሞላው በእኛ ግምት በ2018 ማክስ ሮዘር «አወር ወርልድ ኢን ዳታ» ላይ ያወጣው ካርታ ነው። ዓለም የተሠራችው ከ15,266 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሲሆን እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከ200 በላይ፣ ኬንያ 100 ያህል ይደርሳቸዋል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቆጥሮ፣ አባዝቶ፣ አወዳድሮ ሊናገር ይችላል። ከአራቱ ለማስተማሪያነት የምናስቀድመው ይህንን ነው።

ግን ሦስተኛው ጥያቄያችን እዚህም ይመጣል። በዚያው በ2018 ኬንያ ውስጥ የነበሩት ስደተኞች፣ የዳዳቡም የካኩማውም የከተማውም፣ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሚሊዮን አልሞሉም ነበር። የራሳቸው አንድ አራት ማዕዘን እንኳ አይደርሳቸውም ማለት ነው። ከኬንያ ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው ገብተዋል፤ አልተጣሉም፣ ግን አይታዩም። ይህ የሮዘር ጥፋት አይደለም። መለኪያው ሲሰፋ ትንሹ ሁልጊዜ ይውጣል፤ ተማሪው ግን ይህን ማወቅ አለበት።

የኤርትራ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የተባበሩት መንግሥታት በ2017 ባወጣው ግምት ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2019 ባወጣው ግን 3.5 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በሮዘር መለኪያ ከ10 አራት ማዕዘን ወደ 7 ወረደች ማለት ነው። ሰዉ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ የተለወጠው ግምቱ ነው። ኤርትራ ከነፃነት ወዲህ ሙሉ የሕዝብ ቆጠራ አላደረገችም። ኢትዮጵያም ብትሆን ከ2007 ቆጠራ በኋላ የሚቀጥለው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር ከቆጠራው በላይ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ነጥብ

አራተኛው የነጥብ ካርታ ነው። በ2013 ደስቲን ኬብል የተባለ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ በ2010 የአሜሪካ ቆጠራ የተመዘገበውን 308,745,538 ሰው አንድ በአንድ ነጥብ አድርጎ፣ በዘር ለይቶ ቀለም ሰጠው። ከተሞቹ ሲደምቁ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ማን ከማን ተለይቶ እንደሚኖርም ቁልጭ ብሎ ታየ። ሰውን እንደ ሰው አንድ ብሎ በመቁጠር የሚወዳደረው የለም።

ሆኖም ነጥቡ የሰውየው ቤት ላይ አይደለም። ቆጠራው በሰጠው ትንሽ ክልል ውስጥ በዘፈቀደ የተቀመጠ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ደግ ነው። እኛ ዘንድ ያለ አንባቢ ምክንያቱን ለማስረዳት አያስቸግርም። ሸሽቶ የመጣ ሰው ሁሉ ነጥቡ እንዲታይለት አይፈልግም። በብሔርና በዜግነት ቀለም የተለየ የካምፕ ካርታ ለአንዱ ትምህርት ሲሆን ለሌላው አድራሻ ሊሆን ይችላል። አለመቆጠር ጉዳት ነው፤ ያለፈቃድ መታየትም ጉዳት ነው። ጥሩ ካርታ የምንለው ሁለቱን የሚጠነቀቀውን ነው።

ለክፍላችን

ኮምፒዩተር የለንም ብሎ መተው የለም። መሬት ላይ የአካባቢያችንን አገሮች በዱላ እንሳል፤ ጠጠር ወይም ቆርኪ እንሰብስብ። አንዱ ጠጠር አንድ ሚሊዮን ሰው ይሁን። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት ኢትዮጵያ 132፣ ኬንያ 56፣ ኡጋንዳና ሱዳን እያንዳንዳቸው 50፣ ሶማሊያ 19፣ ደቡብ ሱዳን 12፣ ጅቡቲ 1 ይወስዳሉ። ኤርትራ 3.5 ስለሆነች 3 ይሁን ወይስ 4? ተማሪዎቹ ይከራከሩበት፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው እኮ።

ቀጥሎ መለኪያው ይቀየር። አንዱ ጠጠር አንድ ሺህ ሰው ሲሆን፣ በመጀመሪያው ካርታ አንድ ጠጠር እንኳ ያልሞላ 200 ሺህ ሰው ያለው ካምፕ 200 ጠጠር ይወጣዋል። በየብሎኩ ይደርደር፤ በብሔር ግን አይለይ። ከዚያ ሦስቱን ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ቀረ? አዲስ ገቢው? ያልተመዘገበው? ከዚህ በኋላ ተማሪው ማንኛውንም የሕዝብ ካርታ ሲያይ ቀለሙን አድንቆ ብቻ አያልፍም፤ «አንዱ ስንት ሰው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

የሞከራችሁ መምህራንና ተማሪዎች ውጤቱን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።