የካይሮን ጋዜጣ በእንግሊዝኛ አንብቦ ስለ ካይሮ መጻፍ

የማስተርስ ጥናት ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አማካሪውና ፈታኞቹ ካነበቡት በኋላ መደርደሪያ ያሞቃል የሚባለው ቀልድ ከእውነት ብዙም አይርቅም። እኔ ግን በጋዜጠኝነትና በዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚጻፉትን ማንበብ እወዳለሁ። ዛሬ ከእነሱ መካከል አንድ ዓይነቶቹን ልተች ነው፦ የህዳሴ ግድብ በኢትዮጵያና በግብፅ ጋዜጦች እንዴት እንደተዘገበ የሚመረምሩትን።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ ወዲህ ርዕሱ ለተመራቂ ተማሪ ሲሳይ ሆኗል። አሠራሩም ይመሳሰላል። ተማሪው ከየአገሩ አንድ ሁለት ጋዜጣ ይመርጣል፣ ዘገባዎቹን ይሰበስባል፣ ከዚያ «ፍሬሚንግ» በሚባለው ንድፈ ሐሳብ ይመድባቸዋል። ፍሬም እንደ ፎቶ ክፈፍ ነው፤ ምን ውስጥ ገባ፣ ምን ውጭ ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ሮበርት ኤንትማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አራት ነገር እንድናይ ይመክራል፦ ችግሩ ምንድን ነው ተባለ? ከምን መጣ ተባለ? ማን ጥሩ፣ ማን መጥፎ ሆነ? መፍትሔውስ? ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ማታ ዜና ስታዩ ሞክሩት።

እኔን የሚከነክነኝ የሚመዘነው ዕቃ ነው። ካነበብኳቸው ብዙዎቹ ከግብፅ አህራም ኦንላይንን ወይም ዴይሊ ኒውስ ኢጅፕትን፣ ከእኛ ደግሞ ኢትዮጵያን ሄራልድን ወይም የሪፖርተርን የእንግሊዝኛ እትም ይወስዳሉ። ሁሉም በእንግሊዝኛ! እስቲ አስቡት፦ ካይሮ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው የአገሩን ወሬ በእንግሊዝኛ ያነባል? እነዚህን ገጾች በብዛት የሚያነባቸው ዲፕሎማት፣ የውጭ ጋዜጠኛና የተማረ ከተሜ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ያገኘው ግብፅ ለውጭ ሰው የምትናገረውን ነው። እሱም ጥሩ ርዕስ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን «የግብፅ ሚዲያ» ተብሎ ይጻፋል። ነገ ውጭ ጉዳይና ዜና ክፍል ውስጥ የምናገኛቸው ደግሞ እነዚሁ ተመራቂዎች ናቸው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ቃል እንውሰድ። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ለሁለት ሲካፈሉ ለግብፅ በዓመት 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ። ኢትዮጵያ በስምምነቱ ውስጥ የለችበትም። ያንን 55.5 በአማርኛ «ኮታ» እንለዋለን፤ ደረቅ የቢሮ ቃል። በዓረብኛው ግን «ሒሳ» ነው። ሒሳ ለግብፃዊ ተማሪ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለእናቱ ደግሞ በድጎማ የምታገኘው የዘይትና የስኳር ድርሻ። «ሒሳችሁ ሊነካ ነው» ሲባሉ ከወንዙ ይልቅ ጓዳቸው ትዝ የሚላቸው ይመስለኛል። ይህን ማወቅ የ1959ኙን ውል ትክክል አያደርገውም። ቁጣው ከየት እንደሚነሳ ግን ያሳያል፣ እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ይህ አይታይም።

በእኛም በኩል ያው ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው ስለ ግድቡ የተጻፈ የአማርኛ ርዕስ ምኑ ይገባዋል? ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ጸሐፊ «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» እያለ ተረቱን ገልብጦ ተጫውቶበታል! ቀልድ ነው፣ ቁጭትም አለበት። እንግሊዝኛ እትም ላይ ሲደርስ ግን «የልማት ፍሬም፣ አንድ» ተብሎ ተቆጥሮ ያልፋል።

ሌላም ልጨምር። ሦስቱ አገሮች መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ ውስጥ «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የሚል መርህ አለ። «ጉልህ» የምትለው ቅጽል በአማርኛና በዓረብኛ ዜናዎች ውስጥ ስንት ጊዜ ተጥላ «ጉዳት» ብቻዋን እንደቀረች የቆጠረ ጥናት እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚሠራው ካለ እኔ የመጀመሪያ አንባቢው ነኝ።

ተማሪውን ብቻ አልወቅስም። ጊዜ አጭር ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ጥናቱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ምንጭ የትርጉም ጣጣ የለበትም። «ዓረብኛውስ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የአማካሪው ሥራ ነበር። ቢያንስ ርዕሱ ላይ «የእንግሊዝኛ እትሞች» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጨመሩ ምን ነበረበት?

«ዓረብኛ የሚችል የለም» የሚለው ሰበብ ግን በፍጹም አይዋጥልኝም። መድረሳ ተምረው የጽሑፍ ዓረብኛ የሚያነቡ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ከጅዳና ከቤሩት የተመለሱ እህቶቻችን ጋዜጣውን ማንበብ ቢቸግራቸው እንኳ፣ የቴሌቪዥን ክርክር ላይ የሚባለውን ከብዙ ፕሮፌሰር በተሻለ ይሰማሉ። በይዘት ትንተና ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ዘገባዎቹን መድበው ውጤታቸው ይነጻጸራል፤ ከሁለቱ አንዷ ለምን ከእነሱ መካከል አትሆንም? ስሟ ጥናቱ ላይ ይስፈር፣ ይከፈላትም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ስለሱ የሚጻፈው ጥናት ግን ገና ይቀጥላል። አንዱ እጃችሁ ከገባ መደምደሚያውን አታስቀድሙ። መጀመሪያ የጥናት ዘዴውን ምዕራፍ ግለጡና ዘገባዎቹ በምን ቋንቋ እንደተነበቡ ፈልጉ።