ወርዱን የሚበላው ምንድን ነው?

በእስራኤል፣ በረሆቮት የቤት ፕላን ለማሠራት ወደ እኔ የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙውን ጊዜ የያዙት የዱ ሚሽፓኽቲ (የሁለት ቤተሰብ ቤት) ግማሽ ቦታ ነው፤ አንዱ ጎን ከጎረቤት ቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ፣ ረጅምና ጠባብ። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 25 ሜትር ነው እንበል። ሁሉም የሚጠይቁኝ «ስንት ክፍል ይወጣዋል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የማየው ወርዱን ምን ምን እንደሚበላው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ነጻ በሆነው ጎን 3 ሜትር ለግንባታ መስመር ተለቀቀ እንበል፤ ቁርጡን የሚናገረው ታባ የሚባለው የሰፈሩ የግንባታ ፕላን ነው። 7 ሜትር ቀረ። የግድግዳው ውፍረት ሲነሣ 6.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ኮሪደር ዘርግቶ ደረጃውን በርዝመቱ ያጋደመ ሰው፣ ከ2 ሜትር በላይ ለመተላለፊያ ብቻ ሰጠ፤ ክፍሎቹም እንደ ባቡር ፉርጎ ተደረደሩ።

ስለዚህ ደረጃውን በቤቱ መካከል በወርዱ አቋርጠዋለሁ። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ፣ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ይበቃሉ። መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የመጨረሻው እርከን የላይኛው ወለል ራሱ ስለሆነ፣ ደረጃው 4.76 ሜትር ይረዝማል። የተረፈው 1.74 ሜትር ከታች ለመነሻ፣ ከላይ ለመድረሻ ይካፈላል። ከፊትም ከኋላም ያሉት ክፍሎች በራቸውን ወደ ደረጃው ስለሚከፍቱ ኮሪደር አያስፈልግም።

ከደረጃውም በፊት ግን ማማድ፣ ማለትም ከሚሳይል መጠለያ የሚሆነው ክፍል፣ ይሠመራል። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ በአዲስ ቤት ውስጥ የግድ ሆኗል። ውስጡ ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አርማታ ነው። 3 በ3 አድርገን በነጻው ጎን ብናስቀምጠው ከነግድግዳው 3.6 ሜትር ይወስዳል፤ ከጎኑ ከ3 ሜትር ብዙም የማይሰፋ አንድ ክፍል ይተርፋል። ፎቅ ላይ ካወጣነው አብዛኛው ግድግዳው እስከ መሠረት መውረድ ስላለበት ሳሎኑን ይቆርጠዋል። እኔ ምድር ላይ አድርጌ የአያት መኝታ አደርገዋለሁ፤ ሳይረን ሲጮኽ ደረጃ መውረድ የማይችሉት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሚሳይል እዚሁ ረሆቮት ያለውን የዋይዝማን ተቋም ከመታ ወዲህ «ዕቃ ቤት ይሁን» የሚለኝ ሰው የለም።

የተያያዘው ግድግዳ መስኮት ስለማይወጣለት መካከሉ ይጨልማል። መድኃኒቱ ያው ደረጃ ነው፤ በላዩ ጣሪያው ተከፍቶ መስታወት ይገባለታል። አርክቴክቱ ኤሪክ ሜንዴልሶን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፈውን የዋይዝማን ቤት ሄዳችሁ እዩ፤ ቦታው ሰፊ ቢሆንም ከመካከሉ የቆመው የደረጃ ግንብ በረጃጅም ቀጫጭን መስኮቶቹ ብርሃን እንዴት እንደሚያስገባ ያስተምራል።

ፀሐይዋም የጎንደሯ አይደለችም። ጎንደር ላይ በክረምት ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ እዚህ ቀትር ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት። በታኅሣሥ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝቅ ብላ ቤቱን ታሞቃለች፤ በሰኔ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለምትወጣ በደቡብ መስኮት ላይ አጭር ጥላ ይበቃል። የሚያቃጥለው የምዕራቡ መስኮት ነው።

ማድ ቤትን በተመለከተ፣ የዚህ አገር ልማድ ከሳሎን ጋር ክፍት ማድረግ ነው። በርበሬ የሚቁላላበት፣ ቡና የሚቆላበት ቤት ግን በር ይፈልጋል። የባሕር ነፋስ ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ ቦታው ከፈቀደ ማድ ቤቱን በምሥራቅ አድርጉት፤ ሽታው ወደ ውጭ ይሄዳል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ታባውን አውጥታችሁ በወረቀት ላይ ማማዱንና ደረጃውን ብቻ አስቀምጡ። ከማማዱ ጎን 3 ሜትር የሚሰፋ ክፍል ካልተረፈ፣ ዋጋው ቢረክስም ያ ቦታ ለእናንተ ቤት አይሆንም።